ቀጥታውና ኩርባው ሲገናኙ

አስናቀ ኦይታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሴቻ በሚገኝ አንድ የመንገድ ሥራ ቢሮ ውስጥ ንድፍ ሠራተኛ ነበር። ተራራ ላይ ያለችው የኦቾሎ መንደር ልጅ ነው። ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ከልጅነቱ ጀምሮ ስለሚያውቀው ዓይኑን ጨፍኖ ወረቀት ላይ ያሰፍረው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. በልግ ሊገባ ሲል የቢሮው ኃላፊ ኢንጂነር ሰይፈሥላሴ ከአዲስ አበባ አንድ ፕሮግራም ይዘው መጡ። ላየው ሰው ጨዋታ ነው። ሐዲድ በቁራጭ በቁራጭ እየተቀጠለ ይዘረጋል፤ በላዩ ሰዎች የጫነ የመዝናኛ ባቡር ይለቀቃል። ባቡሩ ሽቅብ ተስቦ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወረወራል፣ ይጠማዘዛል። ከስክሪኑ ግርጌ ያለች መርፌ ተሳፋሪው ወደ ጎን ምን ያህል እንደሚላጋ ታሳያለች። አረንጓዴው ላይ ከቆመች ደህና ነው፤ ቀዩ ውስጥ ከገባች አንገት ትሰብራለች።

“ለኮምፒዩተር ንድፍ ሥልጠና አዲስ አበባ የምልከው አንድ ሰው ነው” አሉ ኢንጂነሩ። “ባቡሩን ከዳር እስከ ዳር ያለ ቀይ ያስኬደ እሱ ይሄዳል። ሥልጠናው አንድ ዓመት ነው።”

ተወዳዳሪዎቹ አስናቀና አብራው የምትሠራው ጌጤ ብቻ ነበሩ። ጌጤ ብትሄድም ባትሄድም ግድ አልነበራትም። አስናቀ ግን “አንድ ዓመት” የሚለውን ሲሰማ ወንበሩን ወደ ኮምፒዩተሩ ሳበ።

አባቱ አቶ ኦይታ ካረፉ ወዲህ እሱ የቤቱ ባይራ ነው፤ በጋሞ ቤት ባይራ ማለት በኩር፣ የአባት ወንበር ወራሽ ነው። በእነሱ ወግ ባይራው የመጀመሪያውን ጭብጥ ዘር መሬት ሳያስነካ ታናናሾቹ አይዘሩም። አባቱ ባረፉ ማግስት፣ ገና ፊቱን ሳይታጠብ፣ ሽማግሌዎች ከበውት ባይራ ብለው ጠሩት። ትናንት የፈለገበት የሚሄድ ሰው ነበር፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ወደ ኦቾሎ ይጠራል። የሶዶን አውቶቡስ መናኸሪያ ቆሞ ሲያየው እንኳ የሰው ንብረት የተመኘ ይመስል ዓይኑን ይመልሳል።

ሐዲዱን የጀመረው መንገድ በሚያውቅበት እጁ ነው። ቀጥታ መስመር ዘረጋ፤ ጫፉ ላይ እኩል የታጠፈ ክብ ኩርባ ገጠመበት። ሲያዩት ያምራል። ባቡሩን ለቀቀው። ቀጥታው እንዳለቀ መርፌዋ ዘላ ቀዩ ውስጥ ገባች፤ ተሳፋሪዎቹ በአንድነት ወደ ጎን ተወረወሩ።

“አረ ጨረስካቸው!” አለች ጌጤ ከኋላው። “ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?”

“ሂጂ ወዲያ። ኩርባው ልክ ነው። የጨንቻ መንገድ እንዲሁ ነው የተሠራው፤ ማን ሞተ?”

“የጨንቻ መንገድ ላይማ ሾፌር አለ። እነዚህን ማን ይንዳቸው?”

አስናቀ እጁ ማውሱ ላይ ቀረ። እውነቷን ነው። መንገድ ላይ ሾፌሩ ኩርባው ሳይደርስ መሪውን ጥቂት ጥቂት እያለ ያዞራል፤ ንድፉ የጎደለውን በእጁ ይሞላዋል። ሐዲድ ላይ የተቀመጠ ግን ሐዲዱ በሰበረው ይሰበራል።

ሁሉን አፍርሶ እንደገና ጀመረ። ከቀጥታው ቀጥሎ ለዓይን የማይታይ መታጠፍ ያላት ቁራጭ አስገባ፤ ቀጥሎ ከሷ ጥቂት የባሰች፤ ቀጥሎ ሌላ። ሐዲዱም በዚያው ልክ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል አደረገው። መውጫውንም እንደ መግቢያው እያላላ ፈታው። መርፌዋ አረንጓዴው ላይ ተኛች። መሸጋገሪያው ግን ሐዲዱን ስላስረዘመው ባቡሩ ጉልበቱን ጨርሶ ሁለተኛው ዳገት ወገብ ላይ ቆመ። ወደፊትም ወደኋላም የለም። ተሳፋሪዎቹ አየር ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

“አሁንስ ምን ይጠብቃሉ?” አለች ጌጤ።

አስናቀ አልሳቀም። ዳገቱን ዝቅ አደረገው፤ አናቱን ደግሞ እንደ ኩርባው አለዘበው። ባቡሩ ዳገቱን እንደምንም ተሻግሮ፣ ተጠማዝዞ፣ መነሻው ጋ ገባ። መርፌዋ አንድም ጊዜ ቀይ አልነካችም። ኢንጂነሩ ደጋግመው አዩት። “ሰኞ ጠዋት ትነሳለህ” አሉት።

በማግስቱ ታናሽ ወንድሙን ዘካሪያስን ቢሮው በር ላይ ቆሞ አገኘው።

“መሬቱ ተገላብጧል። ዝናቡን ብቻ ነው የምንጠብቀው” አለ ዘካሪያስ። “እማዬ እንዳትርቅ ብላለች።”

“ሰኞ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ዘንድሮ አንተ ዝራ።”

“በቁምህ? ምነው ጋሼ፣ ሞተሃል እንዴ?”

“ፈቅጄልሃለሁ እኮ!”

“መፍቀዱማ ያንተ አይደለም። ሰውስ እኔን ምን ይለኛል? ወንድሙን የቀበረ ይለኛል።”

ቅዳሜ ወደ ኦቾሎ ወጣ። መንገዱን ሁሉ አንድ ሐሳብ ሲያበስል ነበር፤ ደረቁ መሬት ላይ አንድ ጭብጥ ዘርቶ ቢሄድ፣ ዝናቡ ሲመጣ ወንድሞቹ መቀጠል ይችላሉ። ለእናቱ ለወይዘሮ ሻሺቱ በቀስታ፣ ከሩቅ ጀምሮ፣ እንዳይደነግጡ እያዋዛ ነገራቸው። እሳቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡት።

“ደረቅ መሬት ላይ የወደቀ የወፍ ቀለብ እንጂ ዘር አይደለም” አሉ። “አባትህ በቃሬዛ ከሐኪም ቤት ተሸክመውት መጥቶ ነው የዘራው። አንተን እግርህን ምን ያዘህ?”

እሑድን ሙሉ ደጅ ተቀምጦ ከአባያ ሐይቅ በላይ ያለውን ሰማይ ሲያይ ዋለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር። ዘካሪያስ ደጋግሞ መጥቶ አጠገቡ ቆመ፤ እሱም ሰማዩን አይቶ ተመለሰ።

ሰኞ በሱ ቦታ ጌጤ ተሳፈረች። የአስናቀን ሐዲድ የያዘውን ፍሎፒ ዲስክ ኢንጂነሩ ለአሠልጣኞቹ እንድታሳይ ሰጥተዋት ነበር። “የኔ ነው አልልም፤ ስምህን እነግራቸዋለሁ” ብላ ለቢሮው ዘበኛ መልእክት ትታለት ሄደች።

ዝናቡ ጌጤ ከሄደች በኋላ፣ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ጣለ። ወንድሞቹ ማሳው ዳር ተሰልፈው ጠበቁት። አስናቀ ጭብጡን ሞልቶ በተነ፤ ወደ ጎንም ፈቀቅ አለላቸው። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገቡበት፤ ዘካሪያስ ከፊት፣ የጎረቤት ልጆችም ተከትለው፣ እየተሳሳቁ፣ እየተጣሩ። የሱ ድርሻ ይህችው ነበረች፤ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ሳይደግም አለቀች። ማንም “ና አግዘን” አላለውም፤ ሥራውን ጨርሷል። እዚያው ዳር ላይ፣ እጁ እንደተዘረጋ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ እስኪውጠው ድረስ ቆመ።