ባሱና የለንደን ዋጋ

በሞሮኮዋ የማዕድን መንደር በሚብላደን እንደ ባሱ አፉ የማያርፍ ማዕድን ቆፋሪ አልነበረም። ቀን ከመሬት በታች እርሳስ ሲፈልጥ ይውላል፣ ወጥቶ ደግሞ ሰው ሲተርብ ያመሻል። ጎረቤቱ ነበርኩና ድርሻዬን አላጣሁም፤ አፍንጫዬን «ሦስተኛው ጉድጓድ» ብሎ የሰየመው እሱ ነው።

ማዕድኑ የተዘጋ ዕለት የኩባንያው ኃላፊ በረንዳ ላይ ወጣና ከረባቱን እየነካካ፣ «ወንድሞቼ፣ የእርሳስ ዋጋ ለንደን ላይ ወድቋል» አለ።

«ማን ጣለው?» አለ ባሱ ከኋላ ሆኖ።

«ማንም አልጣለውም፣ ገበያ ነው። አሜሪካኖቹ እርሳስ ከቤንዚን ይውጣ አሉ። ጭሱ ሰው ይጎዳል ብለው።»

«የትኛውን ሰው?»

ኃላፊው እንደገና ከረባቱን ነካካ። ባሱ ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው፤ በግቢው ያለው ሰው ሁሉ እሱ አስሎ እስኪጨርስ ጠበቀው።

መንደሩ ተበተነ። ግማሹ ካዛብላንካ ገባ፣ የቻለ ፈረንሳይ ተሻገረ። ባሱ ግን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቅ ጀመር።

«ምን እየጠበቅህ ነው?» አለችው ሚስቱ ኢቶ።

«ዋጋው እስኪነሳ።»

«አንተ ሳትነሳ እሱ እንዴት ይነሳል?»

አንድ ቀን መኪናው የፈላበት ጀርመናዊ ውሃ ሊለምን ደጃቸው መጣ። ኢቶ ውሃ ይዛ ብትወጣ ሰውዬው ዶሮ ቤቱ ፊት ተንበርክኳል።

«ባሱ፣ ና እስቲ እይ። ፈረንጁ ለዶሮዎቹ እየሰገደ ነው።»

ሰውዬው የሚያየው የዶሮ ቤቱን በር የደገፈውን ድንጋይ ነበር። እርሳሱ ባለበት አለት ላይ የሚበቅል፣ እንደ ሮማን ፍሬ ቀይ የሆነ ነገር ለብሷል። በኩባንያው ጊዜ ቀይ ቆሻሻ እያልን ከጥራጊው ጋር እንጥለው ነበር። ጀርመናዊው ግን ብርቅ ድንጋይ ሰብሳቢ ነበርና ዋጋውን ጠየቀ። ባሱ የጣለውን ነገር መሸጥ አፍሮ «ይውሰደው» ሊል ሲል ኢቶ እግሩን ረገጠችው።

«የእናቴ መታሰቢያ ነው» አለች ዓይኗን ሳታሽ።

በዚያ ድንጋይ አህያ ገዛች። ዶሮዎቹ በሩን የሚይዝላቸው አጥተው ወጡና ሁለቱን ቀበሮ በላቸው።

ከዚያ ወዲያ ባሱ በገመድ እየወረደ በተተዉት ጉድጓዶች ውስጥ ቀዩን ድንጋይ ይለቅም ጀመር። አንድ ጠዋት ጣሪያው ተናደበት። ስንደርስ ኢቶ አፈሩን በእጇ ትዝቃለች፤ ጥፍሮቿ ደምተዋል።

«ባሱ፣ አለህ?»

«አለሁ» አለ ድምፁ ከሥር።

«ድንጋዩስ?»

«ተሰብሯል።»

«ታዲያ ምን ይዘህ ልትወጣ ነው?» አለችው፣ እንባዋ አፈሩ ላይ እየተንጠባጠበ።

ስናወጣው አንገቷን አቀፈ። ያን ቀን ማንንም አልተረበም። ወደ ጥልቁ ዳግመኛ አልወረደም፤ ከላይ የሚገኘውን እየለቀመ ለመንገደኛ ይሸጥ ነበር።

ካረጀ በኋላ ሌላ ኩባንያ መጣ። ወጣቱ መሐንዲስ አጥር አሳጠረ፣ አንድ ያረጀ የጭነት መኪና አቆመና ባሱን ጠራው።

«አጎቴ፣ እርሳሱን ቻይናዎች ለባትሪ እየፈለጉት ነው። ዋጋው ሰማይ ነክቷል። ዘበኛ ይሁኑልን።»

«ልጄ፣ ሰማይ የነካ ነገር ሲወርድ እኛ አናት ላይ ነው የሚያርፈው» አለው ባሱ። ዘበኝነቱን ግን ተቀበለ፤ ወንበር ነበረው።

አንዲት አካፋ አፈር ሳይወጣ ዋጋው ተንኮታኮተ። መሐንዲሱ ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል ሄደ፤ የጭነት መኪናው አልነሳ ስላለ ቀረ። ባሱ ክረምቱን ሙሉ ጠበቃቸው። የመጣ የለም። ከዚያ ቦኔቱን ከፍቶ ሆዱ እርሳስ የሞላውን ባትሪ ነቀለና አህያ ላይ ጭኖ ሚደልት ከተማ፣ ቁራሌው ዘንድ ወሰደው።

«አቶ ባሱ፣ ማዕድኑ ተከፈተ እንዴ?» አለ ቁራሌው።

«ተከፍቶ ተዘጋ። የወጣው እርሳስ ይኸው ነው፣ መዝነው።»

በገንዘቡ የበግ ጉበት ገዝቶ መጣ። ኢቶ የማን ባትሪ እንደሆነ ሳትጠይቅ ጉበቱን በከሙን ጠበሰችው፤ እኔንም ጠሩኝ።