የእትዬ ብዙነሽ ድሪቶ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ ከምንኖርበት ከሂሊያርድ ወደ ምዕራብ፣ ቤቶቹ አልቀው የበቆሎው ማሳ በሚጀምርበት መንገድ እየነዳሁ ነበር። ዝናብ ጣለ። መስኮቱን ትንሽ ከፈት ሳደርገው የረጠበ አፈርና የታጨደ ሣር ሽታ ገባ፤ ወዲያው ቀዩ ጎተራ ከማሳው መሃል ብቅ አለ። ከበሩ በላይ አንድ ሰፊ አራት ማዕዘን ተሰቅሎበታል። በውስጡ ከሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች የተገጣጠመ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ቢጫና ሰማያዊ ኮከብ አለ። ሳላስበው፣ «ብርድ ልብሳቸውን ዝናብ እየመታው ነው፤ ማን ይነግራቸዋል?» አልኩ። ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና፣ «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ፔይንት» አለችኝ። ቀለም መሆኑንማ አውቃለሁ። ንግግሩም የኔ አይደለም፤ የእትዬ ብዙነሽ ነው።

እትዬ ብዙነሽ እኔ ልጅ ሆኜ ዋይትሆል የሚባል ሰፈር ስንኖር ከእኛ ቤት በታች ባለው አፓርታማ ነበረች። እኔ ከእናቴ ጋር አሜሪካ የመጣሁት በሰባት ዓመቴ ነው። እናቴ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የማታ ፈረቃ ስለምትሠራ፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ወጥታለች። እትዬ ብዙነሽ ደግሞ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ አንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ስለዚህ ለእሷ ተሰጠሁ። ቤቷ በረኪናና የጋለ ካውያ ይሸታል። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፤ እሷም ወሬዋን አቁማ ድምፁ እስኪርቅ ትጠብቃለች። «አንቺ» ነበር የምላት። እናቴ «እርስዎ በይ፣ ባለጌ!» ብላ ብትቆጣኝም እትዬ ብዙነሽ ራሷ «ተያት፣ እርስዎ ስትለኝ ይበርደኛል» አለቻት። በዚያው ቀረ።

ስሟ ብዙነሽ ይሁን እንጂ እንደ እሷ ብቻውን የሆነ ሰው አላየሁም። ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇን አዳማ እህቷ ዘንድ ትታ ነበር የወጣችው፤ ወረቀቷ ሲስተካከል ልታመጣት። ልጅቷ ማህሌት ትባላለች፤ እኩያዬ ነበረች። ሁለተኛው መኝታ ቤት የማህሌት ነው። አልጋው ተዘርግቷል፣ ፍራሹ ላይ ያለው ላስቲክ ግን ገና አልተቀደደም። በየሳምንቱ አቧራው ይጠረጋል፣ መጋረጃው ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኔ እዚያ እንድገባ አይፈቀድልኝም፤ በአንድ ጉዳይ ካልሆነ በቀር።

ጉዳዩ ቀሚስ ነው። «ፕሮሰሱ ሊያልቅ ነው፤ ለክረምቱ ትመጣለች» ይባላል፣ እትዬ ብዙነሽም ልጇ ስትመጣ የምትለብሰው ቀሚስ ትገዛለች። ልኳን ስለማታውቅ እኔን ትጠራኛለች። «ነይማ፣ ልለካብሽ። ቀጥ ብለሽ ቁሚ።» መስታወቱ ማህሌት ክፍል ውስጥ ነበር። መጀመሪያ የተለካብኝ ቢጫው ቀሚስ ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ ጣቶቼ ብቻ የሚገቡበት አንዲት ትንሽ ኪስ ነበረችው። ቀጥሎ ቀይ ከፋይ መጣ፣ ከዚያ ሰማያዊ ዳማ፣ ከዚያ ዳንቴል ያለው ነጭ የቤተ ክርስቲያን ቀሚስ። ሁሉም ልኬ ነበሩ። ዞር ዞር ብዬ ራሴን ማየት ስጀምር «በቃ አውልቂው፣ ይቆሽሻል» ትለኛለች። ቀሚሱ ይታጠፍና ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ክረምቱ ይመጣል፣ ማህሌት አትመጣም። በሚቀጥለው ዓመት እኔም ማህሌትም አድገናል፤ ሌላ ቀሚስ ይገዛል። አይቻት የማላውቃትን ያችን ልጅ ከልቤ ጠላኋት። የኔ እናት ለአንድ ሰዓት እንኳ ቁጭ ብላ ቀሚስ የምትለካብኝ ሰው አልነበረችም፤ እትዬ ብዙነሽ ደግሞ ስትለካብኝ የምታየው እኔን አልነበረም።

ጎተራውን መጀመሪያ ያየነው በእነዚያ ዓመታት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ለጸሎት ጉባኤ ወደ ገጠር ሲወጡ ነው። ጋሼ መኮንን ቫኑን ይነዳል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔና እትዬ ብዙነሽ ከኋላ ተቀምጠናል። በድንገት ወንበሩን ያዘችና ጮኸች።

«ጋሼ መኮንን፣ እስቲ ቁም! ብርድ ልብሳቸውን ዝናብ እየመታው ነው፤ ማን ይነግራቸዋል?»

ጋሼ መኮንን በመስታወቱ አያት። «እትዬ ብዙነሽ፣ ቀለም እኮ ነው! ጣውላ ላይ የተቀባ ነው። ፈረንጆቹ የአልጋ ልብሳቸውን ንድፍ ጎተራቸው ላይ ይስሉታል። ኩዊልት ይሉታል፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው የሚሰፉትን።»

«ድሪቶ በለኛ!» አለች። ቫኑ ሙሉ ሰው ሳቀ።

እኔ ድሪቶ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና ጠየቅኳት። «ቅያሪ የሌለው ሰው ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደረተ የሚለብሰው ነው» አለችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ለራሷ እንደምታወራ፣ «የእኛ ሰው ድሪቶውን ይደብቃል፤ እነዚህ ከሩቅ እንዲታይ ይሰቅሉታል» አለች። ከዚያ በኋላ እስክንደርስ የመስኮቱን ጉም በጣቷ እየጠረገች ያን ኮከብ ትስለዋለች፤ ጉሙ ሲመለስበት እንደገና ትስለዋለች።

የማህሌት ቪዛ የወጣው ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላን ነው። ደስታዋን ልነግራችሁ አልችልም። ደረጃውን ወጥታ በራችንን በመዳፏ ስትደበድብ እናቴ ሰው የሞተ መስሏት ነበር። በማግስቱ ወደ ቤቷ ስገባ ሻንጣው ተከፍቶ ቀሚሶቹ ምንጣፉ ላይ ተዘርግተዋል፣ እሷ መሃላቸው ተንበርክካ መቀስ ይዛለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«የአልጋ ልብስ ልሰፋላት ነው። የዚያን ጎተራ ዓይነት።»

«በቀሚሶቿ?»

«የትኛው ይሆናታል አሁን? አንቺንስ የሚሆንሽ አለ?»

አልነበረም። ይህን እያወቅኩ፣ መቀሱ ቀዩ ከፋይ ውስጥ ሲገባ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። እላይ ግን ባዶ ቤት ነው የሚጠብቀኝ፤ በማግስቱ ተመልሼ መጣሁ፣ እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ ቀዳችልኝ። ቢጫው ቀሚስ ተራው ደርሶ ነበር። «ኪሷን እንኳ ተያት» አልኳት። ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ኪሷን ሳትነካ፣ ዙሪያዋን በአራት ማዕዘን ቆረጠቻትና ለኮከቡ መካከል አስቀመጠቻት።

የስፌት መኪናዋ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ያገኘችው፣ እንደ ድንጋይ የሚከብድ አሮጌ ብረት ነበር። ሲሠራ ጠረጴዛው አብሮ ይሄዳል። ሦስት ማዕዘኖቹን ከቁርስ እህል ካርቶን በሠራችው መለኪያ ቆረጠቻቸው፤ መጀመሪያ የሰፋችው ኮከብ ግን ስፌቱ ጫፎቹን በልቷቸው ዱልዱም ሆነ። ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም፤ በምላጭ ተርትራ ለስፌት የሚሆን ጠርዝ እየተወች ሁሉንም እንደገና ጀመረች። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ውሃ ረጭታ በካውያ ትተኩሰዋለች፤ እርጥብ ጥጥ ሲግል የሚሰጠው ያ ሽታ ዛሬም ወደዚያ ወለል ይመልሰኛል። ሥራው ሊያልቅ ሲል ከቤተ ክርስቲያን አንዲት እህት ልትጠይቃት መጥታ ዓይኗ ወለሉ ላይ ዐረፈ። «እትዬ ብዙነሽ፣ ልጅቱን አሜሪካ አምጥተሽ ድሪቶ ልታለብሺያት ነው?» አለች እየሳቀች። እትዬ ብዙነሽም አብራ ሳቀች። ሴትየዋ ስትወጣ ግን መርፌውን አስቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። «አስቀያሚ ነው እንዴ?» አለችኝ። «በጣም ያምራል» አልኳት፤ እውነቴን ነበር።

ማህሌት ኤርፖርቱ በር ላይ ስትታይ ከእኔ በራስ ትበልጣለች። የትኛውም ቀሚስ በየትኛውም ዓመት ልኳ አልነበረም ማለት ነው። እትዬ ብዙነሽ ሮጣ አቀፈቻት። ልጅቷ እጆቿ የት እንደሚቀመጡ የጠፋባት ትመስል ነበር፤ በኋላ የእናቷን ጀርባ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችና በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ፣ «እንደምን ነዎት?» አለቻት።

እኔ «አንቺ» የምላትን ሴት፣ ልጇ «እርስዎ» አለቻት። እትዬ ብዙነሽ ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ አልጠፋም፤ እዚያው እንዳለ ደረቀ።

ቤት ስንገባ የማህሌት ክፍል በር ተከፈተ። ላስቲኩ ተቀዷል፣ አልጋው ላይ ኮከቡ ተዘርግቷል። ማህሌት ሻንጣዋን አስቀምጣ ጫፉን ነካ አደረገችው። «ድሪቶ ነው?» አለች። ለማሾፍ አልነበረም፤ በእውነት ነው የጠየቀችው። እትዬ ብዙነሽ፣ «እዚህ ኩዊልት ይሉታል» ብቻ አለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀጥላ ከምን እንደሰፋችው ትነግራታለች ብዬ ጠበቅኩ። አየችኝና ከንፈሯን ነከሰችብኝ። በኋላ ለምን ብዬ ብጨቀጭቃት፣ «ስትለምደኝ እነግራታለሁ» አለችኝ።

ማህሌት መጥፎ ልጅ አልነበረችም። ሳህን ታጥባለች፣ ከእናቷ በፊት አትቀመጥም፣ አትናገርም። የምትተኛው ግን ያሳደገቻት አክስቷ የሰጠቻትን ጋቢ ለብሳ ነበር። ኮከቡ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሃይስኩል ስትጨርስ የአክስቷ ልጆች ወዳሉበት ሲያትል ሄደች፤ አብራቸው ነበር ያደገችው። በየእሁዱ ትደውላለች። እትዬ ብዙነሽ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ከስልኩም «ደህና ነዎት? ጤናዎስ?» የሚል ድምፅ ይወጣል። ጥሪው ሲያበቃ ስልኩን ወዲያው አታነሳውም ነበር።

እኔ አግብቼ ሂሊያርድ ስገባ እትዬ ብዙነሽ የአልጋ ልብሱን ንጹሕ ትራስ ልብስ ውስጥ ከትታ ይዛልኝ መጣች። ተተኩሷል፤ ገና ይሞቃል። የማህሌት አይደለም ወይ ብላት እጇን አወናጨፈች። «ያንቺ ነው» አለችኝ። «የለበስሽው አንቺ ነሽ።» ያን ቀን ነው፣ ስትለካብኝ እኔንም ታየኝ እንደነበር የገባኝ። ወጥ የማማስል መስዬ ጀርባዬን ሰጥቻት አለቀስኩ።

እትዬ ብዙነሽ የሞተችው ባለፈው ክረምት፣ በረዶው በከበደበት ሰሞን ነው። ማህሌት ከሲያትል መጥታ እኔ ቤት ዐረፈች። ከቀብር መልስ ትንሽ ጋደም በይ ብዬ የእንግዳ ክፍል አስገባኋት። የበረዶው ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ አልጋው ላይ ወድቋል። የአልጋ ልብሱን ስታይ ቆመች።

«ይሄ የእሳቸው አይደለም? እኔ ክፍል የነበረው?»

የተነከሰብኝን ከንፈር አስታወስኩ። ስትለምደኝ ያለችው ቀን ግን አልመጣም፤ ከእንግዲህም አይመጣም። ነገርኳት። ቀዩ ከፋይ የስንት ዓመት ልጅ ሆና እንደተገዛላትና እኔ ላይ እንደተለካ፣ ዳማው ትምህርት ቤት እንድትገባበት እንደነበር፣ ነጩ ዳንቴል አብረን ቤተ ክርስቲያን እንድንሄድበት። እያንዳንዱን ቀሚስ ስጠራ ታቋርጠኛለች።

«ሁሉንም ለካሽው?»

«ሁሉንም።»

«ያምሩ ነበር?»

«በጣም።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እጇ ጨርቁን እየዳበሰ ሄዶ ሄዶ መሃል ላይ ካለችው ቢጫ ኪስ ደረሰ። ጣቶቿ ገቡ፤ ከአንጓቸው በላይ አላለፉም።

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች።

ለኔ መስሎኝ ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ግን ወደ እኔ አልነበረም የምታየው።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለቻት፣ ያቺኑ ኪስ ይዛ። እኔ ሳውቅ እናቷን «አንቺ» ስትላት ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር። በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼላት ወጣሁ።

ወደ ሲያትል ስትመለስ የአልጋ ልብሱን አጥፌ ትራስ ልብሱ ውስጥ መልሼ ሰጠኋት። «ያንቺ ነው» አልኳት። ጨዋ መሆኔ እንዳይመስላችሁ፤ ጣቶቼ አንለቅም ብለው ነበር። ልክ በሰባት ዓመቴ መስታወቱ ፊት እንዳደረግኩት፣ ለማህሌት አወለቅኩላት። የእንግዳ አልጋው ላይ አሁን ሱቅ የተገዛ ግራጫ ብርድ ልብስ አለ፤ ያ ክፍል ይበርደኛል፣ ብዙም አልገባበትም።

ባለፈው ቅዳሜ ጎተራውን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ልጄ ዞር ብላ በኋላ መስታወት ስታይ ቆየች። ከዚያ፣ አማርኛ የምትመልስልኝ ከስንት አንዴ ቢሆንም፣ በአማርኛ «ብርድ ልብሱ የማን ነው?» አለችኝ።

«የማህሌት ነው» አልኳት።