አባዬ ያልተቀመጠበት አሸዋ

ባለፈው ቅዳሜ አባዬ «ባሮ ውሰደኝ» አለኝ። ዓይኑ ደክሟል፤ ብቻውን መሄድ አይችልም። ልንገረው የፈለግሁት ብዙ ነበር፤ ግን ክንዱን ያዝኩ። የፈለገው የወንዙ አሸዋ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። ታላቅ ወንድሜን ሰይድን ከቀበርነው ሦስት ወር ሆነ። አሁን? አልኩ በልቤ። ዛሬ ነው የሚቀመጠው?

ንዴቴ ከየት እንደመጣ ለመናገር ወደ ልጅነቴ መመለስ አለብኝ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር፤ የየቢሮው ሰሌዳ ቀለሙ ያልደረቀ ይመስላል። እኛ በድርቁ ጊዜ ከወሎ መጥተን፣ በአቦቦ መንገድ ባለች የሰፈራ መንደር እናርስ ነበር። ሰይድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ከተማ ውስጥ መዝገብ ቤት ተቀጠረ። በሁለተኛው ዓመት የዓመት ፈቃድ ወጣ። ነገሩ ለአባዬ አልገባውም። ከሥራ የቀረ ሰው ለእሱ ወይ ታሟል ወይ ተባሯል።

ሰይድ መንደር ድረስ መጥቶ አባዬን፣ እናቴንና እኔን ለመነን። ሦስት ቀን እሱ ዘንድ እያደርን፣ ቀን ቀን ባሮ ዳር እንድንውል። ስንሄድ፣ የጭነት መኪናው ላይ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ከወሎ ከወጣን ወዲህ አባዬ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አይቶት እንደማያውቅ ነገረኝ። አንድ ቀን ብቻ፣ አራታችንም እግራችንን ውሃ ውስጥ አድርገን አብረን እንድንበላ ነበር ምኞቱ።

የካቲት ነበር። ባሮ ጎድሎ አሸዋው ወጥቷል፤ ገና በጠዋቱ እግር ያቃጥላል። ልጆች ከጀልባ ላይ ይዘላሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ የዓሣ ጥብስ ሽታ ከወዲያ ይመጣል። እናቴ ለወንዙ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። አዞ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ግን ውሃ እንዳልገባ የሸሚዜን ጫፍ ጨብጣ ዋለች። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ መዋኘት እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም። ሰይድ ዓሣውን እያጎረሰን፣ ለእናቴ አጥንቱን እየለቀመ፣ «ትንሽ ቆዩ፣ ትለምዱታላችሁ» ይላል። አባዬ ቆሞ ዋለ።

በማግስቱ ደግሞ ዳርቻውን ይዞ ሄደ። ውሃው ከሸሸበት ቦታ ጥቁር አፈር ዘግኖ መጣና አስሸተተን። «ይሄን የመሰለ መሬት ጦሙን ያድራል?»

በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ሰይድ ትልቅ ዓሣ ሳይቆረጥ አስጠብሶ፣ ውሃው ጠርዝ ላይ ቅጠል አንጥፎ ነበር። ጠበቅን። ዓሣው ቀዘቀዘ፤ ዝንብ ወረሰው። ፈልግ ተብዬ ስሄድ፣ አባዬ ከሰይድ አከራይ መቆፈሪያ ተውሶ፣ ላቡ እየፈሰሰ የጓሮ ያህል መሬት ገልብጦ አገኘሁት። ደስ ብሎታል።

ያላወቀው ነገር ነበር። የዚህ አገር ሰው ዳርቻውን አይገለብጥም። እርጥቡን መሬት በእንጨት ይወጋና በቆሎውን ጉድጓዷ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። ላይ ላዩን ላየው ያልተነካ መሬት ነው።

የመሬቱ ባለቤት አንዲት ጠና ያሉ የአኙዋ ሴት ነበሩ። መጥተው ሲያዩት ሳፋቸውን ከራሳቸው አወረዱ። አልጮኹም። ቁጢጥ ብለው ከአንዱ ጓል ውስጥ የበቀለች ፍሬ አወጡና በመዳፋቸው አሳዩት።

«እዚህ ዘር አለ። አራት ቀን ሆነ። አንተ አፈር ብቻ አየህ።»

አባዬ እንደዚያ ሲያፍር አይቼው አላውቅም። የሰው ዘር ያጠፋ ገበሬ ምን ይላል? ሴትዮዋ ዘርና የሾለ እንጨት አመጡ፤ ጥልቀቱን አሳዩን። እናቴና ሰይድም ተጠርተው መጡ፤ እስኪመሽ ድረስ እየወጋን ዘራን። እናቴ ሳትቀር ጭቃው ውስጥ ገባች። ሰይድ የቢሮ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ሲሠራ ቆየና፣

«አባዬ፣ ከእኛ ጋር መቀመጥ ይሄን ያህል ከበደህ?» አለው።

አባዬ ቀና አላለም። «እጄን የት ላድርገው፣ ልጄ?»

እኔ እንጨቱን ወረወርኩት። ሦስት ቀን ውሃ ዳር ውዬ ፀጉሬ እንኳ አልራሰም። «አንተ ነህ ያመጣኸን» አልኩት ሰይድን። «ሁለተኛ እንዳትጠራን።»

አልጠራንም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ፈቃድ ሲወጣ መንደር እየመጣ ከአባዬ ጋር ይቆፍር ነበር። እኔም ይሄን እንደ ድል ቆጥሬው ኖርኩ መሰለኝ። አሁን ሳስበው… እንጃ።

ቅዳሜ ዕለት አባዬን አሸዋው ላይ አስቀመጥኩት። ዓሣ ገዝቼ አጥንቱን ለቀምኩለት። ጫማውን አውልቆ እግሩን ውሃው ውስጥ ከተተ፣ ማንም ሳይለምነው። ልጮህበት ደረስኩ።

«ሰይድ ያኔ በየት በኩል ነበር የተቀመጠው?» አለኝ።

አላስታወስኩም። ሦስቱንም ቀን ሳይ የነበረው ውሃውን ነው።

«እዚህ ጋ» አልኩና በቀኙ በኩል አሸዋውን መታ መታ አደረግሁ። ድምፁን ተከትሎ እጁን ዘረጋ፤ እዚያው አሳረፈው። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላነሳውም።