ከድንኳኑ ጀርባ ያለው ባሕር

አልጋነሽ አገሩን የምታውቀው በለቅሶ ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ሐዴራን ያወቀቻት በባሏ አጎት ሞት ነው፤ አፉላን በጎረቤቷ እናት፤ ቂርያት ጋትን በስንት ሰው ሞት እንዳወቀቻት ራሷም ረስታዋለች። በሰለሞን ዘመቻ ከገባች ጀምሮ፣ ይኸው ሠላሳ ዓመት አልፎም፣ አልጋነሽ ከቤርሼቫ ወጣች ማለት አንድ ሰው ሞተ ማለት ነው። የሰፈሯ፣ የሽኩና ዳሌት፣ ጎረቤቶቿ ነጠላዋን ለብሳ አሳንሰር ከሌለው ፎቋ ስትወርድ ሲያዩዋት «ወዴት ነው?» አይሏትም፤ «ማን ነው?» ነው የሚሏት።

አሠራሩን ለማያውቅ ልንገር። የእድሩ ሰብሳቢ አባባ ደሞዝ ስልክ ይደውላሉ። «ሐዴራ፣ ማክሰኞ፣ አውቶቡሱ ከጧቱ አንድ ሰዓት ይነሣል» ይላሉ። የሟቹ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሴቶቹ ዳቦ ይዘው ይሳፈራሉ። አውቶቡሱ ሲሞላ የተረፈውን ሰው ሾፌሩ ጀምበሩ በሚኒባሱ ጭኖ ይከተላል። ድንኳኑ በር ላይ ይወርዳሉ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ያለቅሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ምስርና ዳቦ ይቀምሳሉ፣ ተነሡ ሲባሉ ይነሣሉ። መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ሄዶ ድንኳን አይቶ መመለስ ማለት ነው። ለቅሶ መድረስ መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን ሰው የሚኖርበትን አገር በሟች አድራሻ ብቻ ሲያውቀው ምኑ ኖረው ይባላል?

ነገሩን የቆሰቆሰችው ኦስናት ናት፤ አልጋነሽ ሃያ ሰባት ዓመት ወለሉን በወለወለችበት የሆስፒታል ክፍል የምትሠራ ነርስ። አልጋነሽ ጡረታ የወጣች ቀን ኬክ ቆረሱላት። ኦስናት ከግሪክ መመለሷ ነበርና የዕረፍቷን ፎቶ በስልኳ እያሳየች፣ «አንቺስ የት የት ሄደሻል?» አለቻት።

«ነታንያ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ» አለች አልጋነሽ። ውሸት አይደለም፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሄዳለች።

«ባሕሩ ደስ አይልም? ከገደሉ ላይ ሆነው ሲያዩት።»

አልጋነሽ ኬኩን ዋጠችና «ደስ ይላል» አለች። ይኸኛው ውሸት ነበር። ነፋሱ ድንኳኑን ሲያርገበግበው የባሕር ሽታ አፍንጫዋ ድረስ ይመጣል፤ አሥራ አንድ ጊዜ ሄዳ ግን አንድ ቀን እንኳ ዞር ብላ አላየችውም።

ያን ዕለት አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ወደ ቤቷ ስትመለስ ተናደደች። ኦስናት ምን አደረገቻት፤ የተናደደችው በራሷ ነው። ቤቷ ሳትደርስ ሁለት ወዳጆቿ ጋ ደወለች። አንዷ አጸደ ናት፤ ፊት ለፊቷ ያለው በር የእሷ ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ስታሽግ ወገቧ የጎበጠ። ሌላዋ የሌላ ሰፈር፣ የሽኩና ቫቭዋ ውዱ ናት፤ ሽማግሌዎች እየጦረች የምትኖር፣ ነገር የማታሳድር ሴት። ሦስቱ የተዋወቁት እንደመጡ ባረፉበት ሆቴል አንድ ኮሪደር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው፣ ልጁ፣ ሩጫው፤ ተገናኝተው ተጫወቱ ከተባለ የለቅሶው አውቶቡስ ላይ ነው።

«አንድ ቀን» አለቻቸው። «ሰው ሳይሞት አንድ ቀን ብቻ ነታንያ፣ ባሕሩ ጋ እንሂድ።»

«እስኪ ይሁን፤ እኛው ሳንሞት» አለች ውዱ።

ቀኑ የነሐሴ መጨረሻ ረቡዕ ሆነ። መጀመሪያ የተቃወመችው የአልጋነሽ ልጅ ኤላ ናት። ለካ በዚያ ሳምንት የሕፃናቱ መዋያ፣ ጋን የሚሉት፣ ዝግ ነው፤ ልጆቹን የምትይዘው አያት ናት፤ ማንም ባይጠይቃትም እሷማ ተቆጥራለች። «ኢማ፣ አሁን አይሆንም። አሐሬ ሀሐጊም» አለች ኤላ እናቷን፤ ከበዓላቱ በኋላ ማለቷ ነው። በዚህ አገር ሰው አንድን ነገር ላለማድረግ ሲፈልግ የሚላት ቃል ናት። ቧንቧ ሠራተኛው ይላታል፣ ጸሐፊዋ ትላታለች፣ ሐኪሙም ይላታል። በዓላቱ ያልፋሉ፤ ነገሩም አብሮ ያልፋል።

«አባታቸው ይያዛቸው» አለች አልጋነሽ። «እጁ አልተሰበረም።»

ሁለተኛው ጣጣ የባሰ ነበር። ሰኞ አባባ ደሞዝ ደወሉ። «ነታንያ፣ ረቡዕ፣ አንድ ሰዓት።»

አልጋነሽ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። ከዚያ፣ «አባባ፣ ረቡዕስ ሌላ ጉዳይ አለኝ» አለች።

«ከለቅሶ የሚበልጥ ምን ጉዳይ አለ? ለሰው ያልደረሰ ማን ይደርስለታል? ቀብርሽ ላይ ማን እንዲቆም ነው?»

ይህ ቃል ዘልቆ ገባ። አባባ ደሞዝ ክፉ ሰው አይደሉም። ከሦስት ዓመት በፊት ባሏ ይርዳው ሲሞት አራት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ከየአገሩ ሰብስበው ያመጡላት እሳቸው ናቸው። ያ ሰው ሁሉ ባይመጣ ኖሮ እንዴት ትቆም እንደነበር አታውቅም። አሁን ከእድሩ ለቅሶ ከቀረች፣ የእሷ ቀን ሲደርስ ልጆቿ ኤላና አሎን ብቻቸውን ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ታዩዋት። ፈራች። ቢሆንም ቀኑን አላፈረሰችም።

ፍርሃቱ ግን በሌላ በኩል ወጣ። ለጀምበሩ ስትደውል «ረቡዕ፣ ነታንያ፣ ሦስት ሴቶች» ብላ ዘጋችው። ባሕር የሚለው ቃል አፏ ላይ አልመጣላት አለ። ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ባሏ ሞቶባታል፣ አያት ናት፤ ውሃ ልትንቦጫረቅ ነው ቢባልስ? ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ የምትሄድበትን እንኳ ለሾፌር አያስነግርም።

ረቡዕ ጧት ሦስቱም ነጠላቸውን ለብሰው፣ ሦስቱም ዳቦ ይዘው ወረዱ። ማንም ልበሱ አላላቸውም፤ ከከተማ ሲወጡ ሌላ አለባበስ አያውቁበትም። መንገድ ላይ ውዱ የቆየ የሠርግ ዘፈን አወጣች፣ አጸደ ተቀበለች። ጀምበሩ በመስታወቱ አያቸውና ሟቿን በደንብ አያውቋትም መሰለኝ ብሎ መንዳቱን ቀጠለ። በኋላ ሙቀቱ አደከማቸውና ተኙ።

የነቁት በሩ ሲከፈት ነው። ፊታቸው ላይ ነጭ ድንኳን ተተክሏል።

ውዱ ገና እግሯ መሬት ሳይነካ «ወየው! ወየው!» አለች። አጸደም ተከተለቻት። ሠላሳ ዓመት የሠራ አካል ምን ያድርግ፤ ድንኳን አየ፣ አለቀሰ። አልጋነሽ ብቻ ወደ ሾፌሩ ዞረች።

«ጀምበሩ፣ የት ነው ያመጣኸን?»

«ነታንያ ነው እኮ እማማ። ለቅሶው እዚህ ነው» አለ፣ ግራ ገብቶት።

በእሱ አይፈረድም። ነጠላ የለበሱ፣ ዳቦ የያዙ የሽኩና ዳሌት ሴቶችን ከድንኳን ሌላ ወዴትም ወስዶ አያውቅም። ደግሞም ሰው ሊቀበላቸው ወጥቷል፤ ወደ መኪና ተመልሶ መግባት የለም። አልጋነሽ ነጠላዋን ዘቀዘቀችና ገባች። እንባዋ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ለማታውቃት ሴት ነጠላዋ እስኪርስ አለቀሰችላት።

ሲቀመጡ የሟቿ ልጅ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ናዓማ ትባላለች፤ አርባ ገደማ የሆናት፣ ዓይኗ ያበጠ።

«እማማ፣ እናቴን ከየት ነው የምታውቋት?»

አልጋነሽ እዚህ ላይ መዋሸት አልሆነላትም። «አናውቃትም ልጄ። መንገድ ነው የጣለን። ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

«ሥራ ብቻ» አለች ናዓማ። «ተነሥታ፣ ሠርታ፣ ተኝታ፣ እንደገና ተነሥታ። ያውም ከዚህ ፎቅ ጀርባ ነው፣ ባሕሩ። ኢማ ነይ፣ እግርሽን እንኳ ንከሪ እላታለሁ። አሐሬ ሀሐጊም ትለኛለች። ሠላሳ ዓመት። ይኸው የዘንድሮው በዓል ሳይደርስ ሄደች።»

አልጋነሽ ያነሣችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠችው።

በዚህ መሀል አባባ ደሞዝ ከወንዶቹ በኩል አዩዋት። ፊታቸው በራ። ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እነሆ አልጋነሽ» አሉ። «ሌላ ጉዳይ አለኝ ብላኝ ነበር፤ ልቧ ግን መለሳት። የእኛ ሰው እንዲህ ነው።»

ሰው ራሱን ነቀነቀ። አጸደ ጉልበቷን ቆነጠጠቻት፤ ዝም በይ ማለቷ ነው። እውነትም ዝም ማለት ይበቃ ነበር። እድሩ አለ፣ ስሟ አለ፣ ቀብሯ ላይ አራት አውቶቡስ አለ፤ ምንም ሳታደርግ ሁሉም ነገር ተመልሶላታል። የሚጠበቅባት ምስሩን መቅመስና ተነሡ ሲባል መነሣት ነው።

ተነሣች።

«አባባ፣ ልቤ አልመለሰኝም። ሾፌሩ ነው ያመጣኝ» አለች። «እኔ የተነሣሁት ባሕር ለማየት ነው። ይህን ለጀምበሩ መናገር አፍሬ ነው እዚህ የተገኘሁት። ለሟቿ አልቅሻለሁ፣ ከልቤ ነው። አሁን ወደ ባሕሩ እሄዳለሁ።»

አባባ ደሞዝ መቋሚያቸውን ጨበጡ።

«በሰው ለቅሶ ላይ? አልጋነሽ፣ ነገ ቀብርሽ ላይ ማን ይቆማል?»

«የወደደ ይቁም፣ ያልወደደ ይቅር። ይርዳውን ስላስቀበሩልኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ እስክሞት አልረሳውም። ቀብሬ ላይ ማን እንደቆመ ግን እኔ አላይም አባባ። ባሕሩን አያለሁ።»

ወደ ናዓማ ዞራ ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል ናዓማ እጇን ያዘቻት። «በግራ በኩል ደረጃ አለ» አለች። «አሥር ደቂቃ አይሞላም። እኔ የሰባት ቀን ሐዘኔን፣ ሺብዓዬን፣ ሳልጨርስ ከቤት አልወጣም። ለእናቴም ግቡላት።»

ደረጃው ረጅም ነው፤ የአጸደ ወገብ ሦስት ጊዜ አሳረፋቸው። የመጨረሻውን መታጠፊያ ሲዞሩ ግን ማንም ልረፍ አላለም። ውዱ፣ ነገር የማታሳድረዋ ውዱ፣ አፏን በእጇ ይዛ ባሕሩን አየች። አልጋነሽ የተዘቀዘቀ ነጠላዋን አውልቃ፣ ጥለቱን አስተካክላ አጠፈችና ዳቦው ላይ አስቀመጠችው። ጫማዋን ፈታች። ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዚያ እስከ ጉልበቷ ገባች፤ ከዚያም ቀሚሱን ለቀቀችው። ማዕበሉ ደረቷን ሲመታት ጨዋማውን ውሃ ጠጣች፣ ሳለች፣ ሳቀችም። ደስ አላት። አሥራ አንዱ ጊዜ ደግሞ ቆጫት፣ አበገናት። ሁለቱም ባንዴ ነበር።

«ይኸ ለናዓማ እናት» አለችና እንደገና ገባች።

ቀና ስትል ደረጃው ላይ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት አየች። ከኋላዋ ሁለት። ከዚያ ሰባት ይሁኑ ስምንት፣ የሽኩና ዳሌት ሴቶች፣ ዳቦ የያዙበትን ባዶ ፌስታል እንኳ ሳይጥሉ አንዳቸው የሌላዋን ክንድ ይዘው እየወረዱ ነው። የፊተኛዋ ከወዲሁ ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

ጀምበሩ የሚጮህ ስልክ ይዞ እስከ ውሃው ጠርዝ መጣ። የደወሉት አባባ ደሞዝ ናቸው። አልጋነሽ እርጥብ እጇን ጸጉሯ ላይ ጠርጋ ተቀበለችው።

«አውቶቡሱ ሊነሣ ነው! ሴቶቹ የት ሄዱ? መቼ ነው የምትመለሱት?»

አልጋነሽ ወደ ደረጃው፣ ከዚያ ወደ ውሃው ተመለከተች።

«አሐሬ ሀሐጊም፣ አባባ» አለች። ስልኩን ዘግታ ለጀምበሩ አስያዘችውና ተመልሳ ገባች።