ሁምቦ ያልታየበት ስክሪን

በፕሮግራም ኮድ ውስጥ «ኢነም» የሚባለውን ዝርዝር ያስተማረኝ ሰው የለም። ከኢንተርኔት ቤት ስለሱ የተጻፉ ገጾችን በፍላሽ ቀድቼ እየወሰድኩ፣ መብራት ሲኖር ቤቴ ቁጭ ብዬ አነብ ነበር። ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ነገር ሊሆን የሚችለውን ሁሉ አስቀድመህ ትዘረዝራለህ። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ነገር ብትጽፍ ታይፕስክሪፕት የሚባለው ቋንቋ ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ በቀይ ያሰምርብሃል። እንደኔ ጥንቃቄ የሚወድ ቋንቋ መኖሩን ሳውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

መጀመሪያ ሥራ ላይ ያዋልኩት ሶዶ መናኸሪያ ነው። ተራ አስከባሪው መድረሻ ሲጠራ እየዋለ ድምፁ ስለተዘጋ፣ «ስክሪን ላይ ይጻፍልኝ» አለኝ። ከትኬት መቁረጫው መስኮት በላይ አሮጌ ቴሌቪዥን ሰቅለን ከላፕቶፔ ጋር በገመድ አገናኘሁት። መድረሻዎቹን እሱ በሚጠራበት ቅደም ተከተል ኢነም ውስጥ ደረደርኳቸው፤ ሁምቦ፣ ቢጠና፣ ሃላሌ። ለእያንዳንዱም የራሱን ቀለም መረጥኩለት። ስክሪኑ ሰው የሚበዛበትን የገበያ ቀን ሳይበላሽ ካለፈ ሊቀር፣ ካላለፈ ላወርደው ተስማማን። ከእኔ ሌላ ሰው የሚያየው የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር።

በገበያው ቀን ጠዋት ተራ የያዙትን መኪኖች ተራ አስከባሪው ነግሮኝ መዘገብኩና ስክሪኑ በራ። ቢጠና በአረንጓዴ፣ ሃላሌ በሰማያዊ። ሰው ቀና ብሎ እያነበበ ወደየመኪናው ሲሄድ ሳይ ደስ አለኝ። ወዲያው የሁምቦ ሾፌር የትኬት ክፍሉን በር በርግዶ ገባ።

«ሁምቦ ከአገር ወጣች እንዴ? ባዶ መኪና ይዤ ቆሜያለሁ!»

ተራ አስከባሪው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ልጅ፣ ሁምቦ ምን አደረገችህ?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ።»

«የቢጠናዋ መኪና እስክትሞላ። ከዚያ ቴሌቪዥንህን ተሸክመህ ትወጣለህ።» በዚያ በተዘጋ ድምፁ «ሁምቦ! ሁምቦ!» እያለ ወጣ።

ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፈለግሁ። መኪናው ተመዝግቧል። መድረሻውም አለ። ታዲያ ለምን አይታይም? ድንገት ገባኝ። አንተ መለያ ካልሰጠሃቸው ኢነም በዝርዝሩ ላሉት ራሱ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ የሚጀምረውም ከዜሮ ነው። የመጀመሪያዋ ሁምቦ ናት። እኔ ደግሞ «መድረሻ ካለው አሳይ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ እንዲህ ሲጠየቅ ቋንቋው ዜሮን እንደሌለ ነገር ይቆጥረዋል። ሾፌሩ ሁምቦ ልሂድ ይላል፣ የኔ ፕሮግራም የትም አትሄድም ይለዋል! ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

«ጭራሽ ይስቃል!» አለ ሾፌሩ።

ለእያንዳንዱ መድረሻ በቁጥር ፈንታ የራሱን ስም መለያ አድርጌ ሰጠሁት። ቀድሞ የተመዘገቡት መኪኖች በቁጥር ስለነበሩ አጠፋኋቸውና ተራ አስከባሪውን ጠራሁት።

«ጋሼ፣ መኪኖቹን እንደገና ይንገሩኝ።»

«ቢጠና ልትሞላ ሁለት ሰው ነው የቀረው» አለኝና በጥድፊያ ነገረኝ። እሱ ሲጠራ እኔ ስመዘግብ፣ ሁምቦ በብርቱካናማ ከሁሉም በላይ ብቅ አለች።

«አንደኛ ነን!» ብሎ ሾፌሩ ወደ መኪናው ሮጠ። ቅርጫት የያዙ ሴቶች ስክሪኑን አይተው ተከተሉት። የጠራቸው ሰው አልነበረም።

ተራ አስከባሪው ውሃ ተጎነጨና ስክሪኑን ቆሞ አየው። «ቦዲቲንም ጨምርበት» አለ።

እዚያው ላፕቶፑ ላይ ካለው ዝርዝር ቦዲቲን ጨመርኩ። ወዲያው ቀለሞቹ ያሉበት ቦታ ቀይ መስመር ወጣ።

«ደግሞ ተበላሸ?» አለ በትከሻዬ በኩል እያየ።

«አይ ጋሼ፣ ለቦዲቲ ቀለም አልመረጥክም እያለኝ ነው።»

«እንግዲያው ቢጫ አድርጋት» አለኝ።