ፉርጎው ምሳ ይይዛል

እኔ መሸነፍ አልወድም። በካርታ ስሸነፍ ካርታውን የምበትን፣ ባጃጅ ሲቀድመኝ ከነሾፌሩ የምረግም ሰው ነኝ። ሚስቴ "ትዕግሥት የተማርኩት አንተን አግብቼ ነው" ትላለች፤ ውሸቷን አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነው ነገር ምን ያህል እንደተናነቀኝ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ጎረቤቴና አንድ የሶማሌ ጓደኛችን። የምንሠራው ከድሬ ከተማ ዳር ባለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። እኔ ጥገና፣ ጎረቤቴ ሽመና፣ ሶማሌው መብራት ክፍል። ሁላችንም በብስክሌት ነው የምንሄደው። የጎረቤቴና የኔ አባቶች የምድር ባቡር ሠራተኞች ስለነበሩ ያደግነው አንድ ግቢ ውስጥ፣ በባቡር ጡሩምባ እየተነሳን ነው። አሮጌው ባቡር ከቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቋንቋው ግን እኛ ላይ ቀርቷል። ጠዋት በምናደርገው እሽቅድምድም የቀደመው የዕለቱ "ባቡር" ይባላል፤ የመጨረሻው ደግሞ "ፉርጎ" ነው።

ለገሃር እንገናኝና አብረን እንወርዳለን። እስከ ደቻቱ ድልድይ ውድድር የለም፤ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች አሉ፣ ፍየል አለ፣ ባጃጅ አለ። ከድልድዩ ማዶ ግን ማንም ማንንም አይጠብቅም። መድረሻው ፋብሪካው በር ላይ ያለው የኒም ዛፍ ነው፤ ግንዱን ቀድሞ በእጁ የነካ ባቡር ሆነ ማለት ነው። ፉርጎ የሆነ ሰው በማግሥቱ የሦስታችንንም ምሳ ዕቃ ይጭናል። ፉርጎ ነዋ፣ ሥራው መጫን ነው። ከኋላ መጫኛው ላይ በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል፤ ወጥ ከፈሰሰ ስድቡ ለብቻው ነው። ሕጉ ክፋት ነበረበት። ዛሬ የተሸነፈ ነገ ጭነት ይዞ ስለሚወዳደር ነገም መሸነፉ አይቀርም። "ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው" እያልን እንሳሳቅበት ነበር።

ለዓመታት ባቡሩ ጎረቤቴ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ሰው ነው። ሲያልፈኝ በአፉ እንደ ባቡር ያፏጫል። ያ ፉጨት ደሜን ያፈላው ነበር። በር ላይ የፈረቃ አለቃው የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ይቆማል፤ ከኛ በዕድሜ ያንሳል፣ የመጣውም ከደጋ ነው። በየጠዋቱ "ዛሬ ማነው ባቡሩ?" ብሎ ይጠይቃል። ጎረቤቴ እጁን ያነሳል፣ እኔ ፊቴን አጠቁራለሁ፣ አለቃው ይስቃል። ቀናችን እንዲህ ይጀመር ነበር።

አንድ በጋ ላይ ጎረቤቴ ማሳል ጀመረ። ድሬ ውስጥ የማያስል የለም፣ አቧራው ማንን ይምራል። የሱ ሳል ግን ሰኞ ሰኞ ይብስበታል። እሑድ አርፎ ሰኞ የጥጡን ብናኝ እንደገና ሲያገኘው ደረቱ ይያዛል። እንዲህ ዓይነቱን ሳል ፋብሪካ ውስጥ ያረጀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ግን ስሙን አይጠራም። መጀመሪያ ሰኞ ብቻ ነበር ወደ ኋላ የሚቀረው። ከዚያ ማክሰኞም ቀረ። ከዚያ ፉርጎ ሆነ፣ ምሳችንን ጫነ፣ በማግሥቱም ፉርጎ ሆነ። ፉጨቱ ቆመ።

በኛ ፋብሪካ ደረቱን ያመመው ሠራተኛ ሲገኝ "ረፍት ያድርግ" ይባላል። ከዚያ ረፍት ተመልሶ ሥራ የገባ ሰው እኔ አላየሁም። ጎረቤቴ ደግሞ ጡረታው በር ላይ ነበር፤ የሚመጣውን ክረምት ካለፈ ሙሉ ጡረታውን ይዞ ይወጣል። ገና ያልተቋቋሙ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ "ክረምቱን ልለፍ እንጂ ከዚያ ወዲያ የፈለገው ይምጣ" አለኝ። ስለ ሕመሙ ከዚህ ሌላ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ያወጣው ደግሞ እንጀራ አይገኝለትም፤ ይህን የሚለው ሰው ግን የለም።

አለቃው አንድ ጠዋት ሻዩን ፉት እያለ "ጋሽዬ፣ ፉርጎ ሆነህ ቀረህ እኮ። አሞሃል እንዴ?" አለው። በድሬ አንቱታ ብዙ ስለማይወደድ አለቃውም ለምዶታል። ጎረቤቴ ሳሉን ውጦ "ጎማዬ ተንፍሶ ነው" አለ። ነገ ደግሞ በጎማ የሚያመካኝበት ፊት የለውም። ለካ ያ ጨዋታችን የሰውየው የጤና ምስክር ሆኖ ኖሯል።

የዚያን ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ሶማሌው ወደ ጥላው ጎተተኝ።

"ወሪያ፣ ይሄ ሰውዬ ባቡር መሆን አለበት" አለኝ።

"እንዴት አድርጎ?"

"እኛ ፉርጎ እንሆናለና። ወላሂ ሌላ መላ የለውም።"

"ታዲያ ለምን አንነግረውም?"

"ምን ብለህ? ታመሃል፣ እየተሸነፍን ልናኖርህ ነው ብለህ?"

እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ፊት ለፊት አይባልም። በማግሥቱ ከድልድዩ ማዶ ወርጄ የብስክሌቴን ካቴና በገዛ እጄ አወለቅሁት። ጎረቤቴ ሦስት ምሳ ዕቃ እንደጫነ እያለከለከ አለፈኝ። በር ላይ አለቃው "መካኒክ ሆነህ ካቴናህ የሚወልቀው?" ብሎ ሲስቅ ስድቤን ዋጥሁት። ከዚያ ወዲህ ከሶማሌው ጋር እየተፈራረቅን ፉርጎ ሆንን። የምሳ ዕቃው ጭነት ቀላል ነው። የከበደኝ ፍሬን መያዙ ነበር። ዕድሜ ልኬን እግሬ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አያውቅም። ጎረቤቴ ዛፉን ነክቶ ሲያፏጭ ግን፣ ፉጨቱ ግማሹ ትንፋሽ ብቻ ቢሆንም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ስንት ዘመን የጠላሁትን ፉጨት ጆሮዬን ጥዬ የምጠብቅ ሆንኩ።

እንዲህ ክረምቱን የምናሳልፈው መስሎን ነበር።

አንድ ቀን አለቃው ጎረቤቴን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። "ጋሽዬ፣ አንተ ከጎረምሶቹ ትበልጣለህ። ጥጡ የሚፈታበት ክፍል ጠንካራ ሰው አጥሮናል" አለው። ጎረምሶቹ ያን ክፍል እየጣሉ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሄደው ነበር። አለቃው ያከበረው መስሎታል፤ ደሞዙም ትንሽ ይሻላል። ያ ክፍል ግን የጥጡ እስር ተፈቶ የሚባዘትበት፣ ብናኙ ከፊትህ የቆመውን ሰው የሚጋርድበት ነው። ባቡር ያደረግነው እኛ ነን፤ አለቃውም ባቡሩን አይቶ ጭነት አገኘለት። ብናገር ሕመሙን ማውጣቴ ነው፣ ዝም ብል እዚያ መግባቱ ነው። በቁጣ የመፍቻ ሳጥኔን በእርግጫ መታሁት፤ ያተረፍኩት የእግሬን አውራ ጣት ጥፍር መንቀል ብቻ ነው።

ገባ። ማታ ሲወጣ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ነጭ ሆኖ ነበር የማየው። ጠዋት ጠዋት አሁንም ባቡር ነው፤ እኛ ግን ከዚያ በላይ ብንዘገይ ከብስክሌቱ ላይ መውደቃችን ነበር። ውኃ የጫነች አህያ ሳትቀር ቀደመችን። ቀልድ የማያልቅበት ሶማሌው በአህያዋ እንኳን መቀለዱን ተወ።

አንድ ሰኞ ለገሃር ስንገናኝ ጎረቤቴ ከብስክሌቱ ወርዶ ቆሞ ጠበቀን።

"ምሳውን አምጡ" አለ።

"ዛሬ የኔ ተራ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ። አምጣ።"

"አቦ ተው እንግዲህ" አለ ሶማሌው።

ጎረቤቴ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ አመለከተ። "የሱ ፍሬን ሲያዝ ይንጫጫል። ካቴናው ወለቀ ካለበት ቀን ጀምሮ እሰማዋለሁ። አንተ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ፔዳል መምታት ትተዋለህ። ለኔ ብላችሁ ስትለፉ እያየሁ ምን ልበል? አፏጨሁላችሁ።"

"ክረምቱስ?" አልኩት።

"እዚያ ክፍል ውስጥ ሆኜ ክረምቱ አይደርስልኝም" አለ። ምሳ ዕቃዎቹን ራሱ ደርድሮ፣ ከመነዳሪውን ሁለት ዙር አዙሮ አሰረ። "ከድልድዩ ማዶ ማንም እንዳይጠብቀኝ። የምር ሂዱ።"

የምር ሄድን። ንፋሱ ነው ብዬ ዓይኔን እየጠረግሁ ፔዳሉን መታሁት፤ ንፋስ ግን አልነበረም። እያንዳንዱን ሽንፈቴን የማስታውስ ሰው ሆኜ ያን ቀን ዛፉን ቀድሞ የነካው ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። ቆመን ጠበቅነው። ፈረቃው ሊገባ ሲል ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ ብቅ አለ።

"ጋሽዬ፣ ምን ነካህ?" አለ አለቃው።

"ዛሬ ፉርጎ ነኝ" አለ ጎረቤቴ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚሰማበት። "ደረቴን አሞኛል። ከቆየ ቆይቷል።"

አለቃው ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሐሰት መናገር አልወድም፤ ሮጦ ባጃጅ የጠራው እሱ ነው። ብስክሌቱን ከባጃጁ ኋላ ጠፍረው ወደ ክሊኒክ ወሰዱት። ምሳችን እንደታሰረ አብሮ ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ሰዎች ኑ ብሉ አሉን፤ እኛ ግን እጃችንን አልታጠብንም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ምሳ ዕቃዬን ይዟል። የሶማሌውን ምሳ ዕቃ መጋላ ሰፈር ድረስ በእግሩ ወርዶ አድርሶ መመለሱ ነበር።

"ፉርጎ ጭነቱን ሳያደርስ አያድርም" አለኝ። "በሙቀቱ ሳይበላሽባችሁ አልቀረም።"

"ለሽሮ ብለህ ነው በእግርህ የምትዞረው?" ብዬ ጮህኩበት። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እሱ ሳል እስኪያስቆመው ድረስ ሳቀ፤ ሚስቴ ውኃ ይዛለት ወጣች።

ረፍት ያድርግ ተባለ። ክረምቱን አላለፈም፤ ደቻቱ ጎርፍ ይዞ በወረደበት ሳምንት ሞተ። አለቃው ለቅሶ መጥቶ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለምን አልነገራችሁኝም?" አለኝ። "ብንነግርህ ምን ታደርግ ነበር?" አልኩት። ፊቱን አዞረ። ከሱ ወዲያ የሟች ልጆች ተቀምጠው ነበር።

አሁንም ከሶማሌው ጋር ለገሃር እንገናኛለን። ድልድዩን ተሻግረን ጎን ለጎን እንነዳለን፣ ባጃጆች ይቀድሙናል፣ እኔም አልረግማቸውም። አለቃው በር ላይ ሻዩን ይጠጣል፤ ማነው ባቡሩ ብሎ መጠየቁን ትቷል። ምሳችንንም እያንዳንዳችን የየራሳችንን እንይዛለን።