ባለበቅሎው የሚቀየምበት ጌም

ሰብሌ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ምግብ ስታበስል ኖራለች። ጠዋት ድንኳኑ ሲነቀል ድስትና ሳህኗን አጥባ ሳጥን ውስጥ ትከታለች፤ ሳጥኑ በበቅሎ ይጫናል፤ እሷ በአቋራጩ ቀድማ ትሄድና እንግዶቹ ሳንካበር ወይም ጊች ማረፊያ ሲደርሱ ሾርባው ፈልቶ ይጠብቃቸዋል። አብረዋት የሚሄዱት አስጎብኚው፣ ጠመንጃ የያዘው ስካውትና ባለበቅሎዎቹ ናቸው። እንግዳ በየሳምንቱ ይቀያየራል፣ እነሱ ግን አይቀያየሩም። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ ሰብሌ ከሳህኑ አያያዝ ታውቀው ነበር።

የእንግዳው ቁጥር እየቀነሰ ሲመጣ ደባርቅ ያለው ግቢዋ ውስጥ ሁለት ክፍል አከራየች። አንዱን የያዘችው ጽጌሬዳ የምትባል የዳባት ልጅ ናት። ኮምፒውተር ታስተምራለች፤ ከሥራ ስትመለስ ደግሞ ጌም ትሠራለች። ጌሙ አንዲት ሴት ደብዳቤ ይዛ ከደባርቅ ተነስታ ተራራውን አቋርጣ መካነ ብርሃን እስክትደርስ ያለውን ጉዞ የሚያሳይ ነው። ሦስት ሰዎች አብረዋት ይሄዳሉ፤ ስካውት፣ ባለበቅሎና የአብነት ተማሪ። ሦስቱም የተጫዋቹን ሥራ እያዩ ይወዱታል ወይም ይጠሉታል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ዝናቡ ሁለቱንም ከበረንዳው አላስወጣ ሲላቸው ጽጌሬዳ ላፕቶፑን አምጥታ አሳየቻት።

«ይሄ ማነው?» አለች ሰብሌ።

«ባለበቅሎው ነው። እይ፣ ዳቦ ልስጠው።» ጽጌሬዳ አንድ ቁልፍ ስትጫን ከሰውየው ራስ ላይ ቀይ ልብ ብቅ አለ፣ አጠገቡም አምስት የሚል ቁጥር። «አሁን በአምስት ወደደኝ።»

«ብትደግሚለትስ?»

«ሌላ አምስት ይጨምራል።»

«አሥር ዳቦ ብትሰጪው?»

«ሃምሳ ይሆናል። ሃምሳ ሲሞላ የልቡን ያጫውትሻል።»

ሰብሌ ስክሪኑን ትንሽ አየችው። «እኔን አንድ ሰው አሥር ዳቦ በአንዴ ቢሰጠኝ ምን ፈልጎ ነው ብዬ እጠረጥረዋለሁ» አለች።

ጽጌሬዳ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ግን ደብተሯን አወጣች። «እሺ እትዬ ሰብሌ፣ የተቀየመ ባለበቅሎ ምን ያደርጋል?»

«ሥራውን አያጓድልም። እንዲያውም አጥብቆ ይጭናል። ግን ሲያወራሽ ከፊት ከፊትሽ ይሄድ የነበረው ሰው ወደ ኋላ ይቀራል። ስትጠሪው አቤት ይላል፣ እሱ ግን አይጠራሽም። ምግብ ስታቀርቢለት በልቻለሁ ይላል።»

«መናደዱን አይናገርም?»

«ከተናገረማ ምን ቸገረ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው የሁለቱም ሆነ። ጽጌሬዳ ከሥራ ስትመጣ ሰብሌ ሽንኩርቷን እየከተፈች ትነግራታለች፣ ጽጌሬዳ ትጽፋለች። ቀዩ ልብ ጠፋ፣ ቁጥሩም ጠፋ። በምትኩ የተደሰተ ሰው ከፊት ይሄዳል፣ ቅር ያለው ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ተጫዋቹ ዞር ብሎ ማየት አለበት። ሦስቱን እኩል ማስደሰትም ቀረ። ስካውቱን ባለበቅሎው ፊት አብዝቶ ያመሰገነ ባለበቅሎውን ይነካዋል። አንዱ ላይ የተደረገውን ሌላው ያያል፣ ሲያርፉም ያወራሉ።

ጽጌሬዳ የተሠራውን ለተማሪዎቿ ሰጥታ አስሞከረችው። ስማቸው የሚባለው ልጅ ከሁሉም በላይ አማረረ። «ቁጥሩ በሌለበት በምን ልወቅ?» አላት። ባለበቅሎው ጨነቅ የሚባለው ማረፊያ ላይ ጭነቱን አራግፎ፣ ደህና ሁኑ ብሎ ሲሄድበት ነበር ነገር እንዳለ የገባው።

«የሄደውን ለመመለስ ተጫዋቹ ምን ያድርግ?» ብላ ጽጌሬዳ ጠየቀች ያን ዕለት። «አንድ መንገድ መኖር አለበት።»

ሰብሌ የተሰጣ ልብስ ላስገባ ብላ ተነሳች፤ ልብሱን አስገብታም አልተመለሰችም። በማግስቱ ጽጌሬዳ ከሥራ ስትመጣ ራሷ ጠራቻትና የአያ ገዱን ነገር ነገረቻት።

አያ ገዱ ከሰብሌ ጋር ስምንት ዓመት የሠሩ ባለበቅሎ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከጊች ወደ ጨነቅ ሲያቀኑ በረዶ ወረደባቸው። የአያ ገዱ በቅሎ አነከሰች። አስጎብኚው አሻግሬ ምን እናድርግ ብሎ ሰብሌን አማከራት። «እንግዶቹ በብርድ ሊሞቱ ነው፤ ጭነቱን ከፋፍለን እንሂድ፣ እሳቸው ይደርሱብናል» አለች። ሌሎቹ በቅሎዎች ላይ ቦታ ያልተገኘለት አንድ ሳጥን ብቻ እሷ ላይ ቀረ። አያ ገዱ ከነበቅሏቸው ኋላ ቀሩ። አመሻሽ ላይ በስብሰው ሲደርሱ ሌላው በልቶ ነበር፤ ሰብሌ ግን የእሳቸውን ድርሻ ከድና አቆይታላቸዋለች።

«በልቻለሁ አሉኝ» አለች። «ከዚያ ወዲህ እኔ ባለሁበት ጉዞ ወጥተው አያውቁም። በጠራናቸው ቁጥር ሌላ ሥራ ይዣለሁ ነው መልሳቸው። ገበያ ስንገናኝ ሰላምታቸው አይጎድልም፣ ልጆቼን ሳይጠይቁኝ አያልፉም። ምግባቸውን አስቀምጬ የለ፣ ምን አጠፋሁ እል ነበር።»

«ጠይቀሻቸው አታውቂም?»

«አላውቅም።»

ሐሙስ ጠዋት ሰብሌ ነጠላዋን ለብሳ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ በእግሯ ሄደች። የአያ ገዱ ቤት ከከተማው አንድ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ሚስታቸው እየሩስ አስገብታ አስቀመጠቻት። አያ ገዱ ደጃፍ ላይ የጭነት ኮርቻ ይሰፉ ነበር፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ልጆቹ ተጠያየቁ።

«አያ ገዱ» አለች በመጨረሻ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁ።»

«ጠይቂኝ።»

«ያን የበረዶ ቀን ጥለንዎት መሄዳችን ነው ያስቀየመዎት?»

መርፌውን ሳብ አድርገው ክሩን አጠበቁ። «መሄዳችሁማ ምን ይደረግ። እንግዳ ነው፣ ይበርደዋል። እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን ሂዱ ነበር የምለው።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስደርስ አሻግሬ ሳጥኑስ አለኝ። አንቺም ብቅ ብለሽ ምግብ አለ አልሽኝ። በቅሎዋ እንዴት ሆነች ያለኝ የለም። አንተስ እንዴት ደረስህ ያለኝ የለም። እኔም ከነዚህ ሰዎች ጋር ብወድቅ ማን ያነሳኛል ብዬ አሰብሁ። ይኸው ነው ነገሩ።»

«ምነው በነገሩኝ።»

«ከነገርሁሽ በኋላ ብትጠይቂኝ ምን ይረባኛል? ሳልነግርሽ እንድትጠይቂኝ ነበር የፈለግሁ።»

ሰብሌ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች «አሁን ቢጠየቅ ይሆናል?» አለች።

«ባራት ዓመቱ?» አያ ገዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ጠይቂ እንጂ።»

«በቅሎዋ እንዴት ሆነች?»

ኮርቻውን አስቀመጡትና አወሩላት። ሳጥኑን አውርደው፣ በቅሎዋን ገደል ስር አስጠግተው፣ ጋቢያቸውን እሷ ላይ ደርበው በረዶው እስኪያባራ መቆማቸውን፤ ከዚያ ሳጥኑን በራሳቸው ትከሻ ተሸክመው እሷን እየሳቡ መግባታቸውን። እግሯን ሦስት ሳምንት በሙቅ ውሃና በጨው ሲያሹላት ከርመው ዳነች፤ በዓመቱ ለአንድ የመካነ ብርሃን ሰው ሸጧት። ሰብሌ ሳጥኑን በትከሻቸው ማምጣታቸውን እስከዚያ ቀን አታውቅም ነበር። ውስጡ የነበረው የሷው ትርፍ ድስትና ሳህን ነው።

ተነስታ ጉልበታቸውን ልትይዝ ጎንበስ ስትል ክንዷን ይዘው አስቆሟት። «ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ይቅር ለእግዜር» አሉ። ልትሄድ ስትል ግን ታኅሣሥ ላይ እንግዶች እንደሚመጡ ነግራ አብረዋት ይወጡ እንደሆን ጠየቀች።

«እናያለን» አሉ አያ ገዱ።

ጽጌሬዳ ሁሉንም ከሰማች በኋላ ላፕቶፑን ከፈተች። «እንግዲህ ተጫዋቹ ምን ያድርግ?»

«ቤቱ ድረስ ይሂድ። ስጦታ ይዞ ከሄደ አይሆንም። ሄዶ ስለ በቅሎዋ ይጠይቅ፤ ሰውየው ሲያወራ እስኪጨርስ ይስማ።»

«ሲጨርስ ይመለሳል?»

«አንዳንዴ።»

«እትዬ ሰብሌ፣ ኮምፒውተሩ አንዳንዴ የሚባል ነገር አያውቅም።»

«እንግዲያው እናያለን ይበለው። ከዚያ ባለበቅሎው፣ ተጫዋቹ ሌሎቹን እንዴት እንደያዘ ሰው ይጠይቅ። ስካውቱ አንድ ቀን ገበያ ሲያገኘው ይነግረው የለ፤ ደግ ከሰማ ይመለስ።»

ጽጌሬዳ ይህን ለመጻፍ አሥር ቀን ፈጀባት። ስማቸው እንደገና ሲጫወት ባለበቅሎው ቤት ደርሶ ወሬውን በቁልፍ እያቋረጠ አለፈውና ሰውየው ሳይመለስ ቀረ። በሁለተኛው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። በጌሙ ሁለት ቀን ከተጓዘ በኋላ ባለበቅሎውን መታጠፊያ ላይ ቆሞ አገኘውና ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ጠርቶ አሳየ።

አያ ገዱ በታኅሣሡ ጉዞ አልወጡም። በጥር ወር ግን ሁለት በቅሎ ይዘው ሳይጠሩ መጡ። ሰብሌ ስለ ምንም አላነሳችባቸውም፤ የመንገዱን እኩሌታ ከኋላ ነበሩ፣ ሳንካበር ሲቃረቡ ግን ስለ እየሩስ የወገብ ሕመም እያወሩላት ጎን ለጎን ሄዱ። ያን ዕለት የቀረበላቸውን በሉ።

ጌሙ ግን አላለቀም፤ የአብነት ተማሪው ገና ነበር። ተማሪ በምን እንደሚቀየም ሰብሌም ጽጌሬዳም ስለማያውቁ የአብነት መምህሩን መሪጌታ ሀብተ ሚካኤልን ሊጠይቁ ሄዱ። መሪጌታ ላፕቶፑን በትዕግሥት ተመለከቱ። ሰዎቹ ሲራመዱ፣ ሲያርፉ፣ ዳቦና ወተት ሲካፈሉ አዩ።

«እዚህ ውስጥ ረቡዕና ዓርብ አለ?» አሉ።

ጽጌሬዳ የለም አለቻቸው።

«ታዲያ የጾም ቀን ከሌለ ተማሪው ምን ዓይነት ሰዎች መሆናችሁን በምን ይለያል?»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ጽጌሬዳ ደብተሯን አውጥታ ከላይ «ቀኖች» ብላ ጻፈች፤ መሪጌታም ወንበራቸውን አስጠግተው ከሰኞ ጀመሩላት።